ከላይ ውኃ፣ ከታች ማር

ሸዋረጋ የሚጠጣ ነገር ሳታገላብጥ አፏ ላይ አታደርግም። የመንዟ ሞላሌ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። የታሸገ ውኃ ገዝታ ከሱቅ ስትወጣ ጠርሙሱን ታጋድመዋለች፣ ታቀናዋለች፣ ደግሞ ታጋድመዋለች፤ ከንፈሯ ይቆጥራል፣ ዐሥር ሲሞላ ነው የምትከፍተው። ጠላ ቢቀርብላት ብርጭቆውን ታዞራለች። የሳል ሽሮፕማ ስትንጥ ያያት ሰው ቅቤ የምታወጣ ነው የሚመስለው። አንዳንዱ «ምስኪን፣ ብቻዋን ስለምትኖር ነው» ይላል፤ አንዳንዱ ደግሞ «ተማርኩ ብላ ነው እንጂ!» ይላል። ሰው መቼም ያላየውን ሲተነትን ማን ይችለዋል! ነገሩ ግን ከአንድ ኅዳር ውርጭ የመጣ ነው፤ እሱም ቀልድ አልነበረም።

ሸዋረጋ የግሼ ልጅ ናት፤ የተወለደችው ከራቤል ብዙም በማይርቅ መንደር ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ሐሳብ ይዟት ጭልጥ ይላል። ውኃ ቅጂ ተብላ ትላክና፣ ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ሜዳውን ቀስ እያለ ሲሸፍነው ስታይ ቆይታ፣ እንስራዋን ባዶ ይዛ ትመለሳለች። እናቷ «ይቺ ልጅ ዛሬም ነጎደች!» እያሉ ይቆጧታል። አባቷ ግን አይቆጧትም፤ እንዲያውም ምን እንዳየች ይጠይቋታል።

በታኅሣሥ፣ ውርጩ ሜዳውን አንጥቶት በሚያድርበት ሰሞን፣ አባቷ ከጀማ ቆላ ማር ይዘው ይመጣሉ። እናቷ ብርዝ በጥብጠው በገበቴ ደጅ ያሳድሩታል። ማለዳ ላይ ሸዋረጋ ከሁሉ ቀድማ ትነሣና ገበቴው ላይ የተጋገረውን በረዶ ሰብራ ትልሳለች። በረዶው ያምራል፣ ጥርስ ያደነዝዛል፣ ግን ምንም አይጣፍጥም።

«አባዬ፣ ማሩ የት ሄደ?» አለች አንድ ቀን።

«ብርዱን ፈርቶ ሸሸ።»

«ወዴት?»

«ወደ ታች ነዋ! ከሥር ተጠቅልሎ ተኝቷል።»

ቤተሰቡ በሙሉ ሳቀ። ሸዋረጋ ግን አልሳቀችም። ማሩ እዚያ ገበቴ ሥር ጨለማ ውስጥ ጋቢውን ተከናንቦ ተኝቶ ሲታያት ሰነበተ።

አደገች፣ የእንስሳት ጤና ተማረች፣ ሞላሌ ዳር ባለች አነስተኛ የእንስሳት ክሊኒክ ተቀጠረች። እዚያ ከገባች ይኸው ሃያ ዓመት ሞላት። ባል? አንድ ሁለት ሰው ጠይቋት ነበር። አንደኛው ስለ ወደፊት ኑሯቸው ሲያወራላት ሲያወራላት፣ እሷ ዓይኗን መስኮቱ ላይ ተክላ ቆየችና በመጨረሻ «ይቅርታ፣ ምን አልከኝ?» አለችው። ሰውዬው ኮፍያውን አንሥቶ ሄደ። እሷም ብዙ አልከፋትም።

ከሥራዋ ሁሉ የምትወደው ደም ከቀዳች በኋላ ያለውን ነው። የበጉን ደም በብልቃጥ አጋድማ ታስቀምጠዋለች። ከሰዓታት በኋላ ቀዩ ረግቶ ይሰበሰብና ጥርት ያለ ቢጫ ውኃ ይተርፋል፤ አጓት ከአይብ እንደሚለይ ማለት ነው። በትምህርቱ ሴረም ይባላል። ያንን ወደ ትንሽ ብልቃጥ ቀድታ፣ ክዳኑን ገጥማ፣ በመስኮቱ ብርሃን ታየዋለች። ውኃ ይመስላል እንጂ ውኃ ብቻ አይደለም። በጉ የላሰው ጨው፣ ከሣሩ ያገኘው ስኳር፣ ታሞ ከነበረም በሽታውን የተዋጋበት መከላከያ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ሟሙቶ አለ። ብልቃጧን ከፍ አድርጋ እያየች በጉ የዋለበትን ሜዳ፣ የጠጣበትን ምንጭ፣ ያሳለፈውን ብርድ ታስባለች። እንዲህ እያለች ስንት ቀን ምሳ ሰዓት አልፏታል።

ወደዚያ ኅዳር እንምጣ።

እማማ ተሾመች ከሞላሌ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ርቀው፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ይኖራሉ። ባላቸው ካረፉ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ሟቹ በመጨረሻው ዓመታቸው ከገበያ መርጠው ያመጡት ግልገል አድጎ የመንደሩ አውራ በግ ሆኗል፤ ጠጉሩ አንገቱ ላይ ስለሚቆለል ጎፈሬ ይሉታል። ጎረቤቱ ሁሉ እናት በጎቹን የሚያመጣው ወደ እሱ ነው። እማማ «የእሳቸው እጅ ነው» ይላሉ፤ ጨው ሲያስልሱትም የቤቱን ወሬ አንድ በአንድ ያወሩታል። ጎፈሬም ጆሮውን ጣል አድርጎ ይሰማቸዋል።

በዚያ ኅዳር መጀመሪያ ከበጎቻቸው ሦስቱ በአንድ ሳምንት ውስጥ ጨነገፉ። ከጎረቤት ደግሞ ሁለት። «ከአውራው ነው» የሚል ሹክሹክታ ተነሣ። እማማ ሰው ልከው ሸዋረጋን አስጠሩ።

በሩ ላይ የተቀበለቻት የእማማ ልጅ ጽናት ናት። ጽናት ዘመሮ ከተማ ሄዳ ነው ያገባችው። አምና በአምስተኛ ወሯ ጽንስ ጨንግፎባት ነበርና፣ ዘንድሮ ስታረግዝ እናቷ «ከዓይኔ አትርቂም!» ብለው ገና በጊዜው ወደ ቤታቸው አመጧት። አሁን አምስተኛ ወሯን ይዛለች። በአምስተኛው ወር ስለ አምና ማንም እንዲያነሣባት አትፈልግም፤ ቤቱም አያነሣም።

ሸዋረጋ ከጎፈሬና ከዐሥራ አንድ እናት በጎች አንገት ደም ቀዳች። ስትጨርስ እማማን ወደ ጋጣው ጥግ ወሰደቻቸው።

«እማማ፣ ሳልደብቅ ልንገርዎት። ይሄ የምጠረጥረው በሽታ ከሆነ በግ ብቻ ይዞ አይቀርም። የጨነገፈውን ግልገልና የእንግዴ ልጁን በባዶ እጁ የነካ ሰው ይይዘዋል። ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ...» አለችና ቃሉን ሳትጨርስ ተወችው።

እማማ ዞረው ጽናትን አዩ። ጽናት ደጃፉ ላይ ቆማ ገብስ ታበጥራለች።

«እስካሁን የነካሁት እኔ ነኝ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እኔ አሮጊቷ ምን እሆናለሁ? እሷ አንቺ እስክትነግሪኝ ድረስ ጋጣ ደጃፍ አትደርስም። ጎፈሬስ?»

«ከያዘው ይታረዳል። ይቀበራልም እንጂ አይበላም።»

እማማ እጇን ጨበጡ። «ሸዋዬ፣ ደግም ይሁን ክፉ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ሌላ ምንም አልልሽም» አሏት።

ምርመራው ቀላል ነው። ነጭ ጠፍጣፋ ሸክላ ላይ ሴረም ጠብ ይደረጋል፣ ሮዝ ቀለም ያለው መመርመሪያ ፈሳሽ ይጨመርበታል፣ ተደባልቆ አራት ደቂቃ ይወዛወዛል። በሽታው ካለ ሮዙ ይፈረፈራል፤ ከሌለ ለስልሶ ይቀራል። ችግሩ ሮዙ ፈሳሽ አልቋል፤ ከደብረ ብርሃን እስኪመጣ ሳምንት ይፈጃል ተባለ። እስከዚያ ሴረሙ በረዶ ሆኖ መቆየት አለበት። ሸዋረጋ ዐሥራ ሁለቱን ብልቃጦች ፍሪዘር ውስጥ ባስገባች ማግስት የሰፈሩ ትራንስፎርመር ተቃጠለና መብራት ድርግም አለ። ፍሪዘሩ ማንጠባጠብ ጀመረ።

ወደ ደጅ ወጣች። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው። ጥላው ሜዳው ላይ ረዝሟል፣ አየሩ አፍንጫ ይቆነጥጣል።

«ምን ነካኝ እኔ!» አለች ጮክ ብላ። «አገሩ ራሱ ፍሪዘር አይደል እንዴ!»

ይህን ስሕተት እኮ የቆላ ሰው አይሠራውም። ማን ቆላ ውስጥ ደጁን አምኖ ሴረም ያሳድራል? የመንዝና የግሼ ሰው ግን ውርጩን እንደ ዘመድ ያውቀዋል። የበጎቹ ገንዳ ድንጋይ ሆኖ ሲያድር እያየ ያደገ ሰው ምኑን ይጠራጠራል! ሸዋረጋ ብልቃጦቹን መደርደሪያቸው ላይ እንደቆሙ ከክሊኒኩ ጀርባ ካለው ካብ ላይ አኖረቻቸው። ዐሥራ ሦስተኛ ብልቃጥም ንጹሕ ውኃ ሞልታ ጨመረች። ስሙን ምስክር አለችው። ምስክሩ በረዶ ከሆነ ሌሎቹም በረዶ ሆነዋል ማለት ነው፤ እንደዚያ ነበር ሒሳቧ።

ማለዳ ማለዳ፣ ፀሐይ ካቡን ሳትነካው ሸዋረጋ ትደርሳለች። ሣሩ ነጭ ነው፣ ካቡ ነጭ ነው፣ ሜዳው ዳር ያሉት በጎች ራሳቸው ጉም ውስጥ ቆመው የጉሙ ቁራጭ ይመስላሉ። ሸዋረጋ በዚያ ዝምታ ውስጥ ቆማ ትነጉዳለች። ከዚያ ምስክሩን ታነሣና በጥፍሯ ታንኳኳዋለች፤ ድንጋይ። «ጎሽ!» ትለዋለች። ከሌሎቹ ብልቃጦች ባንዳንዶቹ ሥር ቢጫው ወፈር ብሎ ገና እንደሚላወስ አይታለች። አይታለች! «ቀለሙ ነው እንዲህ የሚያስመስለው» ብላ አለፈችው። ከዚያም ከገንዳው በረዶ ሰብራ፣ ገለባ በሞላችው ሣጥን ውስጥ ብልቃጦቹን ከበረዶው ጋር ታውላቸዋለች። ሲመሽ ደግሞ ወደ ካቡ። እንዲህ ሰባት ቀን ሙሉ፣ ሌሊት በረዶ እየሆኑ ቀን ቀን እየላሉ፣ እሷ አንድም ጊዜ ሳታናውጣቸው፣ እንደ እንቁላል ተሸክማ አመላለሰቻቸው። ዘበኛውንም «እነዚህን የነካ ከእኔ ጋር ተጣልቷል!» ብላ አስጠንቅቃዋለች።

ሮዙ ፈሳሽ መጣ። ብልቃጦቹ ቀስ ብለው እስኪሟሙ ጠብቃ፣ ከእያንዳንዱ ላይ ላዩን በመምጠጫ ቀዳች። የጎፈሬ ለስላሳ። የመጀመሪያዋ እናት በግ ለስላሳ። ዐሥራ ሁለቱም ለስላሳ። ሦስት በግ ጨንግፎ አንድም አለመገኘቱ ትንሽ ቆንጠጥ አድርጓት ነበር፤ ግን ደስታው በለጠባትና ስልኳን አነሣች።

«እማማ! ነጻ ናቸው፤ ጎፈሬም ሁሉም ነጻ ናቸው!»

በስልኩ ውስጥ እልልታ ሰማች። ከኋላ የጽናት ሳቅም ተሰማት። ያን ቀን ሸዋረጋ ወደ ቤቷ ስትሄድ መሬት የረገጠች አልመሰላትም።

ሦስት ሳምንት አለፈ። የታኅሣሥ ገብርኤል ዕለት ጠዋት እማማ ተሾመች ቤታቸው ጠሯት። ጾም ስለሆነ ሥጋም ወተትም የለም፤ ቆሎና ዳቦ ቀርቧል።

«ይሄ ግን ለአንቺ ብቻ ነው፤ ደጅ ያሳደርኩት» አሉና እማማ ገበቴ ሙሉ ብርዝ አመጡላት። ላዩ ላይ በረዶ ተጋግሯል።

ሸዋረጋ ሃያ ዓመት እንዲህ ያለ ነገር አላየችም። ጣቷን ሰደደችና በረዶውን ሰብራ አፏ ውስጥ ከተተች። ዓይኗን ጨፈነች። የአባቷ ቤት ደጃፍ መጣባት፣ የአባቷ ድምፅ መጣባት። በረዶው እንደ ድሮው ምንም አይጣፍጥም። ገበቴውን አንሥታ ከበረዶው ሥር ፉት አለች፤ እሱም ቅጥን ያለ ነው።

«እማማ፣ ማሩን ሰስተውበታል እንዴ?» አለች እየሳቀች።

እማማም ሳቁባት። «አይ የከተማ ሰው! ሳትበጠብጪው ላይ ላዩን ትጠጪና ማር የለውም ትያለሽ? ማሩማ ከሥር ነው!»

የሸዋረጋ እጅ ገበቴውን እንደያዘ ቀረ።

ካቡ ታያት። ምስክሩ ታያት። ውኃ በረዶ ሲሆን ለራሱ ዘር ብቻ ነው ቦታ የሚሰጠው። ማሩንም ጨውንም፣ ሌላ የሟሟበትን ሁሉ ገፍቶ ያወጣዋል። የተገፋው ከተረፈው ውኃ ጋር ይወፍራል፣ በወፈረ ቁጥር በረዶ ለመሆን ይቸገራል፣ ከብዶም ወደ ሥር ይወርዳል። በረዶው ሲሟሟ ካልተበጠበጠ ላዩ ውኃ ሆኖ ይቀራል። ምስክሩ ንጹሕ ውኃ ስለነበር ቶሎ ድንጋይ ሆነ፤ የመሰከረውም ስለ ራሱ ብቻ ነበር። እሷም ከዐሥራ ሁለቱ ብልቃጦች የመረመረችው ላይ ላዩን ውኃ ነው። በሽታውን የሚናገረው መከላከያ ከሥር ተኝቶ ነበር። አባቷ ነግረዋት ነበር እኮ!

በዚህ መሀል ጽናት እጅጌዋን ሰብስባ በበሩ አለፈች። «እማ፣ ቦቃዋ በግ እያማጠች ነው፤ እኔ አያታለሁ» ብላ ወደ ጋጣው አቀናች።

ሸዋረጋ ዝም ማለት ትችል ነበር። እርግጠኛ አይደለችማ! ወደ ክሊኒኩ ተመልሳ የተረፈውን ሴረም ነገ ደግማ መመርመር፣ ምንም ከሌለ ማንም ሳይሰማ ማለፍ ትችል ነበር። ሃያ ዓመት የተከበረችበት ስም፣ በስልክ የሰማችው እልልታ፣ ሁሉም ታሰባት። ጽናት የጋጣውን በር ከፈተች።

«ጽናት! አትንኪያት!»

ጩኸቱ ራሷን አስደነገጣት። ጽናት ቆመች። እማማም ቆመው ቀሩ።

«ተሳስቼ ይሆናል» አለች ሸዋረጋ። «እማማ፣ ነጻ ናቸው ያልኩዎት ሳልበጠብጠው ነው። ላይ ላዩን ነው ያየሁት።»

መጀመሪያ ማንም አልገባውም። ስለ ውርጩ፣ ስለ ካቡ፣ ስለ ብርዙ እየተንተባተበች ነገረቻቸው። ጨርሳ ቀና ስትል ጽናት ሁለት እጇን ከፊቷ ዘርግታ እያየቻቸው ነበር።

«ባለፈው ሳምንት ሁለት በግ ያዋለድኩ እኔ ነኝ» አለች ጽናት። «የአንዷ ሞቶ ነው የወጣው። በእጄ ነው የቀበርኩት።»

እማማ ተሾመች ወደ ሸዋረጋ ዞሩ።

«ነጻ ነው ብለሽኝ አልነበር?»

«ብዬዎታለሁ።»

«እልል ብያለሁ እኮ!»

«ሰምቻለሁ እማማ።»

«ጋጣ ግቢ ያልኳት እኮ እኔ ነኝ! ያንቺን ቃል ይዤ!» ድምፃቸው ተሰበረ። ወዲያው ግን ነጠላቸውን አጣፉ። «ተነሽ። አሁኑኑ ሄደን እንየው። በዓይኔ ካላየሁ ከእንግዲህ አላምንሽም።»

ሸዋረጋ ከቦርሳዋ ጓንት አውጥታ ቦቃዋን ራሷ አዋለደች፤ ግልገሉ ደህና ነበር። ከዚያ ተነሡ። እማማ ከፊት፣ እሷ ከኋላ። ጉሙ ከገደሉ ወጥቶ መንገዱን ይዞታል፤ የእማማ ነጭ ነጠላ አንዴ ይታያል፣ አንዴ ይጠፋል። ሸዋረጋ በሕልም የምትሄድ እየመሰላት፣ ሕልም ቢሆንልኝ ብላ እየለመነች ሄደች።

መብራቱ ከተመለሰ ሰንብቷል። የጎፈሬን ብልቃጥ ከፍሪዘሩ አውጥታ እስኪሟሟ ጠበቁ። ሸዋረጋ ልክ እንደ መጀመሪያው ሳትነቀንቀው ከላይ ቀዳችና ሮዙን ጨምራ አወዛወዘች። ለስላሳ። እማማ ቀና አሉ፤ ፊታቸው ላይ ተስፋ ነበር። ያንን ተስፋ ማየቱ ከሁሉ ከበዳት።

ከዚያ ክዳኑን ገጥማ ብልቃጡን ቀስ ብላ ገለበጠችው፣ አቀናችው። አንድ። ሁለት። ሦስት። ከሥር እንደ ማር የወፈረው ቢጫ ተነሥቶ ከላዩ ጋር ተቀላቀለ። ዐሥር ላይ ቀዳች። ሁለተኛ ጠብታ፣ ሁለተኛ ሮዝ። አራት ደቂቃ እንኳ አልቆየም፤ ሮዙ ፍርፍር አለ።

«እንደ ተበጠሰ ወተት ሆነ» አሉ እማማ።

«አዎ እማማ። ይዞታል።»

እማማ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ሟቹ ባላቸው መርጠው ያመጡት በግ ነው፤ ሸዋረጋ ታውቃለች። የሚያለቅሱ መስሏት ነበር፤ አላለቀሱም።

«ጠጉሩንስ?» አሉ በመጨረሻ። «ለሚወለደው ብርድ ልብስ አሠራበታለሁ ብዬ ነበር።»

«አይ እማማ። ጠጉሩም አብሮት ይቀበር።»

ጎፈሬ በማግስቱ ታረደ። ከእናት በጎቹም አምስቱ ተመርምረው በሽታው ተገኝቶባቸው ተከተሉት። ጉድጓዱን ጎረቤቱ ሁሉ ቆፈረ። ሸዋረጋ ስሕተቷን ራሷ ጽፋ ለአለቆቿ ሰጠች፤ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳት፣ ፈርማ ተቀበለች። ጎረቤቶቹንም በየቤታቸው እየዞረች የሆነውን ነገረቻቸው። ይህ ሁሉ ግን አልከበዳትም። የከበዳት የጽናት እጅ ነው፤ ከፊቷ ተዘርግቶ አልጠፋ አላት።

በጤና ጣቢያው ነርሷ የእማማንም የጽናትንም ደም ቀዳች። መመርመሪያው እዚያ ስለሌለ ሴረሙ ወደ ሸዋረጋ መጣ። ሁለቱም ለስላሳ ነበሩ። የእማማው ሐሳብ አልጣለባቸውም፤ በጎቹን ከነኩ ከወር በላይ ሆኗቸዋል። የጽናት ግን ገና ነው፤ በሽታው ገብቶ ከሆነ ደም ላይ እስኪታይ ሳምንታት ይፈጅበታል። ሸዋረጋ ይህንንም ነገረቻቸው። አሁን የምትደብቀው ነገር አልነበራትም። ከአምስት ሳምንት በኋላ ይደገማል ተባለ።

ያ አምስት ሳምንት አያልቅም ነበር። ሸዋረጋ ገበያ ላይ እማማን ብታገኛቸው ፊታቸውን ያዞሩባታል። ልደት መጣ፣ ጥምቀት አለፈ። እሷ ማለዳ ማለዳ ወደ ሥራ ስትሄድ ውርጩን ትረግጠዋለች፤ ከጫማዋ ሥር ሲሰበር ትሰማዋለች። ድሮ ደስ ይላት ነበር። አሁን ገንዳው ላይ የተጋገረውን በረዶ ስታይ ከሥሩ ምን ተኝቶ ይሆን ትላለች። ብልቃጥ ባየች ቁጥር እጇ ሳታዝዘው ይገለብጣል። የምትጠጣውንም ሁሉ ማገላበጥ የጀመረችው ያኔ ነው። ሌሊት በሕልሟ አባቷ ይመጣሉ፤ ገበቴ ይዘው ይቆማሉ፣ እሷ «ወደ ታች ነው የሸሸው፣ አውቃለሁ አባዬ» ትላቸዋለች።

በጥር መጨረሻ አንድ ጠዋት እማማ ተሾመች ጽናትን ይዘው ክሊኒኩ መጡ። ነርሷ ደሙን ትናንት ቀድታ ሴረሙን ልካ ነበር። ጽናት ሆዷ ገፍቷል፤ ከውጭ ፀሐይ ላይ ተቀመጠች። እማማ ብቻ ገቡ፤ ሰላምታ አልሰጡም።

ሸዋረጋ ብልቃጡን አነሣች። ልትገለብጠው ስትል እማማ እጃቸውን ዘረጉ።

«ስጪኝ። እኔ እበጠብጠዋለሁ።»

ሰጠቻቸው። እማማ ተሾመች ያን ትንሽ ብልቃጥ በሁለት ጣታቸው ያዙት። ልጃቸው፣ የሚወለደው የልጅ ልጃቸው፣ የአምናው ሐዘን፣ ሁሉም እዚያ ቢጫ ውኃ ውስጥ ነበር። ቀስ ብለው ገለበጡት፣ አቀኑት። ድምፅ ሳያሰሙ በከንፈራቸው ቆጠሩ። ዐሥር ደረሱ፤ አላቆሙም። ሃያ ላይ ነው የመለሱላት።

ሸዋረጋ ቀዳች። ሮዙን ጨመረች። ሸክላውን ማወዛወዝ ጀመረች። በመስኮቱ የጽናት ጀርባ ይታያል፤ ሁለት እጇ ሆዷ ላይ ነው። አንድ ደቂቃ። ሁለት። ሸዋረጋ በሕይወቷ አንዴም ሳትነጉድ የቆየችበት ጊዜ ቢኖር ያ ነው። ሦስት። አራት።

ለስላሳ።

«ምንም የለም» አለች። ከሸክላው ቀና ብላ ደገመችው። «እማማ፣ ምንም የለም።»

«ከሥሩስ?»

«ከላይም ከሥርም አንድ ነው። የበጠበጡት እርስዎ ነዎት።»

እማማ ወደ ሸክላው ጎንበስ ብለው አዩት። «ድገሚው» አሉ።

ደገመችው። ለስላሳ።

«ድገሚው።»

ሦስተኛውን ስታወዛውዝ የሸዋረጋ እንባ ጓንቷ ላይ ይንጠባጠብ ነበር፤ ሸክላው ላይ እንዳይደርስ ፊቷን አዞረች። ሦስተኛውም ለስላሳ ሆነ። እማማ ተሾመች ያኔ ነው የተነፈሱት። ነጠላቸውን አጣፉ፣ ወደ በሩ ሄዱ፣ እዚያ ሲደርሱ ቆሙ።

«ማሩ አላለቀም» አሉ ሳይዞሩ። «ስትመጪ ራስሽ በጥብጪና ትጠጫለሽ።»

ከዚያ ወደ ውጭ ወጥተው «ጽናት፣ ተነሽ፣ እንሂድ» ሲሉ ተሰሙ።